ሌንሱ የማይነቀል ካሜራ በሰቲት ዳርቻ

የፎቶግራፍ ማንሻ አምራቾች አዲስ ዕቃ ገበያ ላይ ከማዋላቸው በፊት ወሬው ቀድሞ ይደርሳል። ምን ያህል ሜጋፒክሰል ይኖረዋል? ሌንሱ ምን ያህል ብርሃን ያስገባል? ባትሪው ምን ያህል ይቆያል? የሚሉት ጥያቄዎች በቶኪዮም ሆነ በአዲስ አበባ ከካሜራ ወዳጆች አፍ አይጠፉም። በተለይም ሌንሱ ከአካሉ ጋር ተዋሕዶ የተሠራ፣ የማይነቀልና የማይለወጥ ዲጂታል ካሜራ ሊወጣ ነው በተባለ ቁጥር የሚጠባበቀው ሰው ብዙ ነው። ነገሩ ለሩቅ አገር ባለጸጎች የሚተው የቅንጦት ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ይሁንና ተከዜ ከሁመራ ወርዶ ሰቲት በሚባልበት ዳርቻ፣ በሐምዳይት፣ በወድ ኤል ሒለው፣ በገዳሪፍና በጋላባት ለሚኖር ሰው ጥያቄው ከቅንጦት ያለፈ ትርጉም አለው። በዚህ ምድር ፎቶግራፍ ብዙ ጊዜ የጠፋ ዘመድ መፈለጊያ፣ የማንነት ማስረጃ፣ ተጥሎ ከተመጣ ቤት የተረፈ ብቸኛ ቅርስ ነው። ስለዚህ የሚመጣው ካሜራ ምን ይዞ ይመጣል ከማለት በፊት፣ ያለፉት ካሜራዎች ወደዚህ ዳርቻ ምን ይዘው መጡ፣ ምንስ ሳያመጡ ቀሩ ብሎ መመርመር ይገባል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ካሜራ ያልደረሰበት ዘመን

እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር ከባለቤቱ ከፍሎረንስ ጋር የአትባራንና የሰቲትን ወንዞች ተከትሎ በዚህ አካባቢ የተዘዋወረው በ1861 እና በ1862 ነበር። ስለ ዓባይ ገባር ወንዞች የጻፈው መጽሐፍ በ1867 ለንደን ላይ ሲታተም ከታሪኩ ጋር የወጡት ምስሎች በእጅ የተሣሉ ነበሩ። ፎቶግራፍ በዚያን ጊዜ የማይታወቅ ጥበብ አልነበረም። ነገር ግን የዘመኑ ፎቶ አንሺ መስታወቱን ኮሎዲዮን በሚባል ፈሳሽ ቀብቶ፣ በብር ጨው ነክሮ፣ ሳይደርቅ አንሥቶ፣ ሳይደርቅም ማጠብ ነበረበት። ለዚህ ሥራ ድንኳን የሚያህል ጨለማ ክፍል፣ ንጹሕ ውሃና በጋማ ከብት የሚጫን ዕቃ ያስፈልጋል። የምሥራቅ ሱዳን የበጋ ግለት ደግሞ እንዲህ ላለው ሥራ ፋታ የሚሰጥ አይደለም። በሰቲት ዳርቻ የካሜራ የመጀመሪያ ጠላቶች ሙቀትና አቧራ እንደነበሩ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ጠላትነታቸውም እስከ ዛሬ አልበረደም።

ወደ ኢትዮጵያ ደጋማ ምድር ካሜራ ቀደም ብሎ ገብቷል። ሚሲዮናዊው ሄንሪ ስተርን በ1859 ይዞት እንደመጣ ይነገራል። በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ደግሞ ከመሐንዲሶቹ ጋር ፎቶ አንሺዎችን አሰልፎ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ የሰባት ዓመቱ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ በዚያው ዓመትም ታዋቂዋ ፎቶ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በዋይት ደሴት አነሣችው። ልዑሉ ወደ አገሩ ሳይመለስ በ1879 በ18 ዓመቱ አረፈ። ስለዚህ ከኢትዮጵያውያን ቀደምት ፎቶግራፎች መካከል እጅግ የታወቀው የአንድ ስደተኛ ሕፃን ምስል ነው ማለት ይቻላል። ካሜራና ስደት በኢትዮጵያ ታሪክ የተዋወቁት ገና ከጠዋቱ ነው።

ከዚህ ሃያ ዓመት ያህል በኋላ፣ በመጋቢት 1889፣ ከገዳሪፍ ብዙም በማይርቀው የመተማ ሜዳ አፄ ዮሐንስ አራተኛ ከድርቡሾች ጋር ሲዋጉ ወደቁ። የመተማን ጦርነት የኋላ ትውልድ የሚያውቀው በቃል፣ በብዕርና በሠዓሊ ብሩሽ ነው። የሚያስገርመው፣ ማንም ሰው በእጁ ይዞት ሊዞር የሚችለው የመጀመሪያው ካሜራ አንድ ዓመት ቀድሞ በአሜሪካ ለገበያ ቀርቦ ነበር።

ቁልፉን ብቻ መጫን

ያ ካሜራ በ1888 ጆርጅ ኢስትማን ለሽያጭ ያቀረበው ኮዳክ ነው። ዋጋው 25 ዶላር ሲሆን፣ በውስጡ 100 ምስሎች የሚይዝ ጥቅልል ፊልም ነበረው። ሌንሱ አንድ ብቻ ነው፤ አይነቀልም፣ አይስተካከልም። ባለቤቱ ፊልሙን ሲጨርስ ካሜራውን እንዳለ ወደ ሮቸስተር ከተማ ይልካል፤ ፋብሪካው ፊልሙን አጥቦ፣ ምስሎቹን አትሞ፣ አዲስ ፊልም ጨምሮ ይመልስለታል። በ1900 ደግሞ በ1 ዶላር የሚሸጠው ብራውኒ መጣ። ከካርቶን የተሠራ ሣጥን፣ አንድ ቀላል ሌንስ፣ አንድ ቁልፍ። ካሜራን ከሊቃውንት እጅ አውጥቶ ለተራው ሰው የሰጠው የሌንስ ብዛት ሳይሆን የሌንስ ማነስ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

ሌላው ታላቅ እርምጃም በዚሁ መንገድ የመጣ ነው። ጀርመናዊው ኦስካር ባርናክ የሠራውና የሌይትስ ኩባንያ በ1925 ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያው ላይካ ኪስ የሚገባ ሆኖ፣ 50 ሚሊሜትር ሌንሱ ከአካሉ ጋር የተጣበቀ ነበር። ሌንስ የሚለዋወጥበት ላይካ የመጣው ከአምስት ዓመት በኋላ በ1930 ነው። አዲስ አበባ ላይ በ1910 የተወለደው ዊልፍሬድ ቴሲጀር ፎቶ ማንሣት የጀመረው በአባቱ ኮዳክ ሲሆን፣ በ1934 ላይካ ገዝቶ በሱዳን አስተዳደር ውስጥ ሊያገለግል መጣ። ጣሊያን ጦርነት ባወጀችበት በ1940 ይኸው ሰው ከሱዳን መከላከያ ኃይል ጋር በጋላባት ግንባር ተሰልፎ ነበር። በሕይወቱ ያነሣቸው ከ30,000 የሚበልጡ ነጋቲቮች ዛሬ በኦክስፎርድ ፒት ሪቨርስ ሙዚየም ይገኛሉ። ትንሽ ካሜራ በበረሃና በጦር ሜዳ ምን ሊሠራ እንደሚችል እነዚህ ነጋቲቮች ይመሰክራሉ።

ካሜራ እውነትን እንደሚይዝ ሁሉ ሐሰትንም ሊሸከም እንደሚችል ኢትዮጵያ የተማረችው ቀደም ብላ ነው። በ1916 ልጅ ኢያሱ ከዙፋን ሲወርዱ የእስልምና ልብስ ለብሰው ያሳያሉ የተባሉ ፎቶግራፎች በመሳፍንቱና በመኳንንቱ ዘንድ ይዘዋወሩ ነበር። ምስሎቹ ከሌላ ሥዕል ጋር ተቀጣጥለው የተሠሩ መሆናቸውን የሚገልጹ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። የዛሬው ትውልድ በኮምፒዩተር የሚቀነባበር ሐሰተኛ ምስል አዲስ ነገር ቢመስለውም፣ መቀስና ሙጫ ይህንኑ ሥራ ከመቶ ዓመት በፊት ያውቁት ነበር።

ጥቁሩ ጨርቅና ሣጥኑ

በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት የፎቶግራፍ ሥራ ለረጅም ዘመን በአርመኖች እጅ ነበር። ቤድሮስ ቦያጅያን ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆኖ ሲያገለግል፣ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ ሙያውን ወርሰው እስከ አፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ዘልቀዋል። ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ውጭ ደግሞ ፎቶ ቤቶች በየከተማው ተስፋፉ። ቀለም የተቀባ መጋረጃ፣ የፕላስቲክ አበባ፣ አንድ ወንበርና ባለ ሦስት እግር ካሜራ ያለው ፎቶ ቤት የበዓል ቀን የማይታለፍ ደጃፍ ሆነ።

ከዚያ ዝቅ ሲል የመንገድ ዳር ፎቶ አንሺ ይገኛል። ከአፍጋኒስታን እስከ ጋና የሚታወቀው የእንጨት ሣጥን ካሜራ በአንድ ዕቃ ውስጥ ካሜራም ጨለማ ክፍልም ነበር። ፎቶ አንሺው ፊልም አያስፈልገውም፤ በቀጥታ በወረቀት ላይ ያነሣል። እጁን በጨርቅ እጅጌ ወደ ሣጥኑ አስገብቶ ወረቀቱን በሁለት ትንንሽ ሣህን መድኃኒቶች ያጥባል። ወጥቶ የሚታየው ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ የሆነበት ምስል ነው። ያንን ምስል ከሌንሱ ፊት አስቀምጦ እንደገና ሲያነሣው ትክክለኛው ፊት ይገኛል። ደንበኛው ፎቶውን የሚቀበለው በደቂቃዎች ውስጥ ነው። ሌንሱ አንድ ነው፤ ኤሌክትሪክ የለም፤ ሲበላሽ አናጢ ይጠግነዋል። የዛሬው ዲጂታል ካሜራ የሚመካበት «ወዲያው ማየት» በዚህ ሣጥን ውስጥ ቀድሞ ነበረ።

ጉርድ ፎቶግራፍ

የድንበሩ ሕዝብ ከካሜራ ጋር በሰፊው የተገናኘው በስደት ምክንያት ነው። ከ1967 ጀምሮ ከኤርትራ የመጡ ስደተኞች ወደ ምሥራቅ ሱዳን ገቡ፤ ወድ ኤል ሒለውም ስደተኞችን ካስጠለሉት ሥፍራዎች አንዱ ሆነ። ከ1974 አብዮት በኋላ፣ በተለይም በቀይ ሽብር ዘመን፣ በመተማና በሁመራ በኩል ብዙ ወጣት ወደ ገዳሪፍ ተሻገረ። ሱዳንም የጥገኝነት ሕጓን ያወጣችው በዚያው በ1974 ነበር። ስደተኛ በመዝገብ እንዲገባ፣ መታወቂያ እንዲይዝ፣ ወደ ሦስተኛ አገር ለመሄድ እንዲያመለክት ጉርድ ፎቶግራፍ ያስፈልገዋል። በዚህ መንገድ ፎቶ ቤት እንደ ዳቦ ቤት የግድ ሆነ። ከጉርዱ የተረፈው በፖስታ ውስጥ ገብቶ፣ በጀርባው «ለማስታወሻ» ተብሎ ተጽፎ፣ ወደ ካርቱም፣ ወደ ጂዳ፣ ወደ አሜሪካ ይላካል። የማይሻገሩት ድንበር መልስ የሚሰጠው ያ ፎቶግራፍ ነበር።

በ1984 እና በ1985 ረሃብ ጊዜ ግን ካሜራው በሌላ መልክ መጣ። በጥቅምት 1984 ኬንያዊው መሐመድ አሚን በኮረም ያነሣው ተንቀሳቃሽ ምስል በቢቢሲ ታይቶ ዓለምን አነቃነቀ። ከትግራይ ወደ 200,000 የሚጠጉ ሰዎች በእግራቸው ወደ ሱዳን ተሻግረው በወድ ኮውሊ፣ በቱኩል ባብና በሌሎች መጠለያዎች ሰፈሩ። በኡም ራኩባ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በምሥጢር በአውሮፕላን ተወሰዱ። ብራዚላዊው ሴባስቲያኦ ሳልጋዶ ከድንበር የለሽ ሐኪሞች ጋር በኢትዮጵያና በሱዳን እየተዘዋወረ ያነሣቸው ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎች በ1986 በመጽሐፍ ወጡ። እነዚህ ምስሎች ርዳታ አምጥተዋል፤ ሕይወት አድነዋል። የሚነሡት ሰዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ስማቸው አልተጻፈም፤ ፎቶውም ወደ እጃቸው አልተመለሰም። ፎቶ ቤት የገባ ሰው ፀጉሩን አበጥሮ፣ ልብሱን አስተካክሎ፣ ለመታየት የፈለገውን መልክ መርጦ ይነሣል። በመጠለያ የተነሣው ይህን የመምረጥ ዕድል አላገኘም።

የሌንሱ ነገር ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ረጅም ሌንስ የያዘ ሰው ከሩቅ ቆሞ፣ ሳይታወቅ፣ ሳይናገር ማንሣት ይችላል። ሌንሱ የማያቀርብና የማያርቅ ካሜራ የያዘ ግን ፊቱን ለማንሣት ወደ ሰውየው መሄድ አለበት። ከሄደ ደግሞ ሰላምታ ማቅረብ፣ ጤና መጠየቅ፣ ፈቃድ መለመን በዚህ አገር ወግ ግዴታ ነው። ካሜራው ራሱ ጨዋ አያደርግም፤ ጨዋነት ግን በሁለት ክንድ ርቀት ላይ የበለጠ ዕድል ያገኛል።

የዲጂታሉ ዘመን መጠባበቅ

በ1975 የኮዳክ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ 0.01 ሜጋፒክሰል ብቻ ያለው ሆኖ፣ አንዷን ምስል በካሴት ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ዲጂታል ካሜራዎች ገበያውን ሲወርሩ ሁለት ወገን ሆኑ፤ አንዱ ትልቅና ሌንሱ የሚለዋወጥ፣ ሌላው ትንሽና ብርሃን ተቀባዩ ከጥፍር ያነሰ። በመካከል ያለው ባዶ ቦታ ነበር የተጠባባቂዎች ምኞት፤ ትንሽ አካል፣ ትልቅ ብርሃን ተቀባይ፣ አንድ ጥሩ የማይነቀል ሌንስ።

ሲግማ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ2006 ዲፒ1 የሚባል እንዲህ ያለ ካሜራ እንደሚያወጣ አስታወቀ። ገበያ ላይ የዋለው ግን በ2008 ነው። በተጠበቀበት ጊዜ ውስጥ በምኞት ያልተጨመረለት ነገር አልነበረም። ሲደርስ ግን ምስሉ የጠራ፣ አሠራሩ ደግሞ ቀርፋፋ ሆኖ ተገኘ። ፉጂፊልም በመስከረም 2010 ኤክስ100ን አሳይቶ በመጋቢት 2011 መሸጥ እንደጀመረ፣ በዚያው ወር ሰሜን ምሥራቅ ጃፓንን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥና የባሕር ማዕበል የፋብሪካውን ሥራ አቋረጠ፤ የተጠባባቂው ወረፋም ረዘመ። ሶኒ በ2012 አርኤክስ1ን፣ ሪኮ በ2013 ጂአርን፣ ላይካ በ2015 ኪውን አስከተሉ። በ2024 የወጣው ኤክስ100 ስድስት 40 ሜጋፒክሰልና የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያርም ሥርዓት ይዞ ቢመጣም፣ ሲወጣ 1,599 ዶላር የነበረውን ዋጋ ከፍሎ ለማግኘት ወራት የጠበቀ ገዢ ብዙ ነበር። በ2025 ደግሞ ፉጂፊልም 102 ሜጋፒክሰል ያለውን ጂኤፍኤክስ100አርኤፍ በ4,899 ዶላር፣ ሶኒ ሦስተኛውን አርኤክስ1አር፣ ሪኮ ጂአር አራትን አቅርበዋል።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ይታያል። ተጠባባቂው ሁልጊዜ የሚቆጥረው ቁጥር ነው፤ ካሜራው ሲመጣ የሚፈረድበት ግን በልማድ አጠቃቀሙ ነው። በፍጥነት ይነሣል ወይ? እጅ ላይ ይመቻል ወይ? በቀትር ፀሐይ ፊት ይለያል ወይ?

ከሚመጣው ምን ይጠበቃል

በሰቲት ዳርቻ ሚዛን ሲታይ የሚጠበቀው ባሕርይ ከቶኪዮው ይለያል። አንደኛው ሙቀት ነው። ብዙ አምራቾች በመመሪያቸው ካሜራው ከ0 እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ሙቀት እንዲሠራበት ይወስናሉ። በገዳሪፍ በሚያዝያና በግንቦት የቀትር ሙቀት ከ40 ያልፋል። ስለዚህ ከሜጋፒክሰሉ በፊት ሊነበብ የሚገባው ቁጥር ይህ ነው።

ሁለተኛው አቧራ ነው። ሌንሱ የሚነቀል ካሜራ በተከፈተ ቁጥር ሀቡብ ያነሣው ብናኝ ብርሃን ተቀባዩ ላይ ያርፋል፤ በሰማዩ ምስል ላይም ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታያል። የማይነቀለው ሌንስ ይህን በር ይዘጋል። ነገር ግን ሌንሱ ሲበራ እየወጣ ሲጠፋ የሚገባ ከሆነ አቧራን እንደ ወናፍ ሊስብ ይችላል፤ ውስጡ የገባውን ብናኝም ባለቤቱ ራሱ ሊያጸዳው አይችልም። ላይካ ከ2019ኙ ኪው2 ጀምሮ ለአቧራና ለውሃ ፍንጥቅጣቂ የተፈተነ አካል አቅርቧል። ይህ መከላከያ ለውዶቹ ብቻ ሳይሆን ለርካሾቹም ቢደርስ የበረሃው ሰው ይጠቀማል።

ሦስተኛው የቆዳ ቀለም ነው። በፊልሙ ዘመን የቀለም ማስተካከያ የሚደረገው «ሸርሊ» በሚባል ካርድ ላይ በነበረች ነጭ ሴት ፊት ስለነበረ፣ ጥቁር ፊት በቀትር ብርሃን ዓይንና ጥርስ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። የማይነቀሉት ሌንሶች ብዙዎቹ መዝጊያቸው በሌንሱ ውስጥ ስለሆነ በጠራራ ፀሐይ ከፍላሽ ጋር በከፍተኛ ፍጥነት ለማንሣት ያስችላሉ፤ ከባርኔጣና ከነጠላ በታች የተጋረደው ፊትም ይገለጣል። ይህ ከሜጋፒክሰል የሚበልጥ ጥቅም ነው።

አራተኛው እውነተኛነት ነው። በ2023 ላይካ ኤም11-ፒ ምስሉ በየትኛው ካሜራና መቼ እንደተነሣ የሚመሰክር ዲጂታል ማኅተም ከውስጡ ይዞ የመጀመሪያው ካሜራ ሆኖ ወጣ። ከልጅ ኢያሱ ፎቶግራፍ ጀምሮ በምስል ሲጣላ ለኖረ አካባቢ ይህ ተራ ነገር አይደለም። ይሁንና ማኅተሙ ጉዳትም አለው፤ ፎቶው የት እንደተነሣ የሚናገር ካሜራ የሸሸውን ሰው መደበቂያም ሊናገር ይችላል። ስለዚህ ባለቤቱ ማኅተሙን ማብራትና ማጥፋት መቻል አለበት።

አምስተኛውና ዋናው ማስቀመጫ ነው። በኅዳር 2020 የትግራይ ጦርነት ሲጀመር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ሰቲትን ተሻግሮ ሐምዳይት ገባ፤ ከ35 ዓመት በፊት የሚታወቀው ኡም ራኩባም እንደገና ተከፈተ። በሚያዝያ 2023 ደግሞ በራሷ በሱዳን ጦርነት ተነሥቶ የገዳሪፍ ሕዝብ ተራውን የካርቱምን ተፈናቃይ ተቀበለ። በእነዚህ ሁለት ስደቶች ብዙው ሰው በኪሱ የያዘው ካሜራ ነበር፤ ስልኩ። ከ1999 ጀምሮ ለገበያ የቀረበው ባለ ካሜራ ስልክ፣ በእርግጥ ሲታይ፣ ሌንሱ የማይነቀል ዲጂታል ካሜራ ነው። ሆኖም ስልኩ በኬላ ሲነጠቅ፣ ውሃ ሲገባበት፣ ለስንቅ ሲሸጥ የቤተሰቡ አልበም አብሮት ይጠፋል። የ1970ዎቹ ስደተኛ በፌስታል ጠቅልሎ ያሻገረው ጉርድ ፎቶግራፍ በብዙ ቤት እስካሁን አለ። ኤሌክትሪክ አይጠይቅም፤ የይለፍ ቃል አይፈልግም።

ከዚህ የሚገኘው ምክር ቀላል ነው። የሚመጣው ካሜራ ምንም ባሕርይ ቢኖረው፣ ከመቶ ምስል አምስቱ ወረቀት ላይ መውረድ አለባቸው። የእናት፣ የአባት፣ የልጆች፣ የቤቱ ደጃፍና የሠርጉ ቀን ምስል ታትሞ፣ በጀርባው የሰዎቹ ስም፣ ቦታውና ዓመተ ምሕረቱ በእርሳስ ተጽፎ፣ አንድ ቅጂ በሌላ ከተማ ካለ ዘመድ ዘንድ መቀመጥ ይገባዋል። ለዚህም ብልሃት የሚጠበቅ አዲስ ሞዴል የለም። በገዳሪፍ ገበያ የሚያትም ፎቶ ቤት እስካለ ድረስ ትንሽ ወጪና የአንድ ከሰዓት ጊዜ ይበቃል። የተጻፈበት ፎቶ የታሪክ ሰነድ ነው፤ ስም የሌለው ፎቶ ግን ሃምሳ ዓመት ቆይቶ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ፊት ብቻ ሆኖ ይቀራል።